የካሜራው ሜትር ይበቃኛል ወይስ የእጅ ላይት ሜትር ያስፈልገኛል?

ጀማሪ_ሌንስ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በብዛት የማነሳው ሰው ነው። እስካሁን የሠራሁት ዲጂታል ካሜራዬ ውስጥ ባለው የብርሃን መለኪያ፣ ማለትም በሜትሩ ነው። ሜትሪንጉን ሙሉውን ፍሬም የሚያየው ላይ አደርገዋለሁ፣ አነሳለሁ፣ ስክሪኑን አያለሁ። ከጨለመ እጨምራለሁ፣ ከነጣ እቀንሳለሁ። ብዙውን ጊዜ አያሳፍረኝም።

አሁን ግን ሁለት አዲስ ነገር መጣ። አንዱ፣ ምንም ሜትር የሌለው የድሮ ሚዲየም ፎርማት የፊልም ካሜራ እጄ ገባ። በአንድ ሮል 12 ፎቶ ብቻ ነው የሚያወጣው። እያነሱ እያዩ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም። ሌላው፣ በሁለት የስቱዲዮ ፍላሽ መሥራት ጀምሬያለሁ። ፍላሾቹ ማኑዋል ናቸው፤ ኃይላቸውን በእጄ ነው የማስተካክለው። እስኪበርቁ ድረስ ካሜራው ስለነሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ግማሹ ሰው «ላይት ሜትር ሳይኖርሽ እንዴት ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። ግማሹ ደግሞ «የድሮ ነገር ነው፣ ተይው» ይላል። ትክክለኛውን የሚለካው የትኛው ነው? የካሜራው ወይስ የእጁ?

ሂስቶግራም

እህቴ፣ ገንዘብሽን ለሌንስ አስቀምጪው።

ያነሳሽውን እዚያው ታያለሽ። ሂስቶግራሙ፣ ማለትም ከጨለማ እስከ ነጭ ያለውን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ፣ ቀኝ ጥግ ላይ ተለጥፎ ከቆመ ነጩ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ ቀንሺ። ግራ ጥግ ላይ ከተከመረ ጥላው ሞቷል፣ ጨምሪ። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) ከያዝሽማ ገና ሳትጫኚው በፋይንደሩ (በዓይን በሚታይበት መስኮት) ውስጥ ውጤቱን እያየሽ ነው። ለፊልሙ ደግሞ ዲጂታልሽን አብረሽ ያዢ። እሱ የሰጠሽን ቁጥር ወደ ፊልም ካሜራው ገልብጪ። አለቀ።

አሮጌ_ኔጋቲቭ

ልጄ፣ «ትክክለኛው የትኛው ነው» ብለሽ ከተነሳሽ መቼም አይጠራልሽም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚለኩት ግን አንድ ነገር አይደለም።

የካሜራሽ ሜትር የሚያየው ከነገሩ ተመልሶ ወደ ሌንሱ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ያ ብርሃን ደግሞ በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው ነገሩ ላይ ያረፈው ብርሃን ነው። ሁለተኛው ነገሩ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚመልስ ነው። ነጭ ቀሚስ አብዛኛውን ይመልሳል። ጥቁር ኮት አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል። ሜትሩ ከፊቱ ያለው ቀሚስ ይሁን ኮት አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል፤ እኛ በልማድ 18 በመቶ የምንለውን ግራጫ። ብቻውን ካየው ነጩን ቀሚስ ወደ ግራጫ ያወርደዋል። ጥቁሩንም ኮት ወደ ግራጫ ያወጣዋል።

ነጭ ጉልላት ያላት የእጅ ሜትር ግን ነገሩን ጭራሽ አታየውም። ሰውየው በቆመበት ቦታ፣ ፊቱ አጠገብ ትይዣታለሽ። ጉልላቷን ወደ ካሜራው ታዞሪያለሽ። የምትለካው እዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ብቻ ነው። ሰውየው ነጭ ቢለብስ፣ ጥቁር ቢለብስ ለእሷ አንድ ነው። በሰጠችሽ ቁጥር ስታነሺ ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ወሬ ብቻ እንዳይሆንብሽ ራስሽ ሞክሪው። ነጭ ጨርቅ፣ ጥቁር ጨርቅና ግራጫ ካርድ አንድ ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን ስቀይ። ሜትሪንጉን ትንሽ ነጥብ ብቻ የሚያየው ስፖት ላይ አድርጊና አንድ በአንድ ቀርበሽ ለኪ። የራስሽ ጥላ እንዳያርፍባቸው ተጠንቀቂ። ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልን።

ስቱዲዮ_ነጭ_ግድግዳ

ጋሼ ያሉት መሠረቱ ነው። እኔ ሰው ለሚያነሳ ሰው የማይታለፈውን ልጨምር፤ የቆዳ ቀለምን።

የካሜራ ሜትር ስፖት ላይ ሆኖ በጣም ጠቆር ያለ ፊት ላይ ቢያርፍ «ይሄ ግራጫ መሆን ነበረበት» ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ፊቱ ይገረጣል፣ ግንባሩ ላይ ያለው ጸዳል ይቃጠላል። በጣም ፈካ ያለ ፊት ላይ ቢያርፍ ደግሞ ይቀንሳል፣ ፊቱም ይከብዳል። አሁን ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አቁሚያቸው። በየትኛው ፊት ነው የምትለኪው? በሁለቱም ለየብቻ ብትለኪ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያወጣል፤ ብርሃኑ ግን አንድ ነው። ጉልላቷን በሁለቱ መሃል ብትይዢ አንድ ቁጥር ትሰጥሻለች። ሁለቱም በየራሳቸው መልክ ይወጣሉ።

የሰው መልክ እንደ ራሱ መውጣቱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። «በኋላ በኮምፒውተር እናስተካክለዋለን» የሚባለው ነገር ደስ አይለኝም። የተቃጠለ ግንባር የሚመለስ ነገር አይደለም።

ሂስቶግራም

በስፖት እየለካችሁ የካሜራውን ሜትር መውቀስ ግን ልክ አይደለም። ሙሉውን ፍሬም የሚያየው ማትሪክስ ለምን ተሠራ? ኒኮን ኤፍኤ በ1983 ፍሬሙን 5 ቦታ ከፍሎ እያነጻጸረ መለካት ጀምሯል። በ1996 የወጣው ኒኮን ኤፍ5 ደግሞ 1,005 ፒክስል ባለው ባለቀለም ሴንሰር ነበር የሚለካው። የዛሬዎቹ ፊት ለይተው ያውቃሉ፣ ሰማዩን ከመሬቱ ይለያሉ። ያ ሁሉ የግራጫ ታሪክ የ1960ዎቹ ካሜራ ታሪክ ነው።

አሮጌ_ኔጋቲቭ

ወንድሜ፣ ማትሪክስ ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። በተለይ ነገሩ በፍጥነት ሲቀያየር እኔም የምተማመነው በሱ ነው። ልጅ እየሮጠ ሜትር ይዤ አጠገቡ ልቆም አልችልም።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ማትሪክስም የሚያየው ተመልሶ የመጣውን ብርሃን ነው። የተሻለ ይገምታል እንጂ ያው ይገምታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ግምቱን አይነግርህም። ሴንተር ዌይትድ (መሃሉን አብልጦ የሚያይ) የሆነ የድሮ ሜትር ነጭ ግድግዳ ፊት ሲሳሳት ምን ያህል እንደሚሳሳት አውቃለሁ፤ አንድ ተኩል ወይም 2 ስቶፕ (1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው) እጨምርና አነሳለሁ። ማትሪክሱ ግን ግድግዳውን አይቶ ራሱ አርሞት ይሁን፣ ግማሹን ብቻ አርሞ ይሁን በምን አውቃለሁ? እኔ ከላዩ ብጨምርበት ሁለት ጊዜ ተጨመረ። ለዚህ ነው ኮምፐንሴሽን (ሜትሩ ከሰጠው ላይ መጨመር ወይም መቀነስ) መጠቀም ስፈልግ ማትሪክሱን ትቼ ወደ ሴንተር ወይም ወደ ስፖት የምሄደው።

ጀማሪ_ሌንስ

ሞከርኩት! ጥላ ውስጥ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ትብነት) 100፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ላይ ቆልፌ የወጣልኝ የአፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ቁጥር ይሄ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፦

ነጩ ጨርቅ፦ ኤፍ 11
ግራጫው ካርድ፦ ኤፍ 5.6
ጥቁሩ ጨርቅ፦ ኤፍ 2.8

ብርሃኑ አልተቀየረም። ከነጩ እስከ ጥቁሩ ግን 4 ስቶፕ ልዩነት አለው! ከዚያ ሦስቱንም በየራሳቸው ቁጥር አነሳኋቸው። ሦስቱም ግራጫ ሆነው ወጡ፤ ጨርቁ ላይ ያለው ክር ባይለያቸው የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። በመጨረሻ ሦስቱንም በኤፍ 5.6 ደግሜ አነሳሁ። ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆነ።

ታዲያ ግራጫ ካርዱ ይህን ከሠራልኝ የእጅ ሜትሩ ምን ይጨምርልኛል?

አሮጌ_ኔጋቲቭ

ጎበዝ! ቁጥሩም መሆን የነበረበት ነው። ነጭ ጨርቅ ከግራጫው 2 ስቶፕ ገደማ ከፍ ይላል፣ ጥቁሩም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል።

ካርዱ በካሜራሽ ሜትር የሚያርፈውን ብርሃን ለመለካት የሚያስችል ርካሽ መንገድ ነው። ችግሩ ካርዱ ጠፍጣፋ ነው። ትንሽ ወደ መስኮቱ ስታዘነብዪው ቁጥሩ ይቀየራል፤ ሲያብለጨልጭ ደግሞ ጭራሽ ይዋሻል። ሰው ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ፊት ከጎን፣ ከላይና ከፊት የሚመጣውን ብርሃን ባንዴ ይቀበላል። ጉልላቷ ክብ የሆነችው ለዚህ ነው። ዶን ኖርዉድ የተባለ አሜሪካዊ ነው ይህን ያሰበው። ሲኒማ የሚሠሩ ሰዎች ወዲያው ወደዱት። የሴኮኒክ ኤል-398 ሜትር ዛሬም የዚያ ዲዛይን ልጅ ነው።

የካሜራው ሜትር ታሪክም ደስ ይላል። በ1932 የወጣው ዌስተን 617 ከመጀመሪያዎቹ የፎቶኤሌክትሪክ የእጅ ሜትሮች አንዱ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው በሠንጠረዥና በልምድ ነበር የሚሠራው። በ1936 ኮንታክስ 3 ካሜራ ሴሌኒየም ሜትር (ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ) አናቱ ላይ ይዞ መጣ። ያ ግን በሌንሱ በኩል አያይም። በሌንሱ በኩል መለካት ወደ ኤስኤልአር (በመስታወት አማካይነት በሌንሱ በኩል የሚታይበት ካሜራ) የገባው በ1963 በቶፕኮን አርኢ ሱፐር ነው። በ1964 የፔንታክሱ ስፖትማቲክ ለብዙ ሰው አዳረሰው።

ቅርብ_ዓይን

በሌንስ በኩል መለካት ከተነሳ እኔም የምለው አለኝ። እዚህ ክር ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እጅ ሜትር እያደላ ነው። እኔ ማክሮ፣ ጥቃቅን ነገሮችን በጣም ቀርቤ ማንሳት ነው የምሠራው፤ የካሜራዬን ሜትር ደግሞ በምንም አልቀይረውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሌንስ ወደ ነገሩ እየቀረበ ሲሄድ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። ነገሩን በራሱ መጠን፣ 1 ለ 1 ስታነሺው 2 ስቶፕ ሙሉ ይጠፋል። በግማሽ መጠን ሲሆን ከ1 ስቶፕ ትንሽ በለጥ ያለ ይጠፋል። የእጅ ሜትር ይህን አያይም። በሰጠሽ ቁጥር ካነሳሽ ይጨልምብሻል፤ ራስሽ ማስላት አለብሽ። ፊልተርም እንደዚያው ነው። ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፖላራይዘር ከአንድ ተኩል እስከ 2 ስቶፕ ይበላል። ሲዞርም የሚመጣው ብርሃን ይለዋወጣል። ጥቁሩ የኤንዲ ፊልተር ደግሞ እንደ ደረጃው 3፣ 6 ወይም 10 ስቶፕ ይወስዳል። በሌንሱ በኩል የሚያይ ሜትር ይህን ሁሉ ቆጥሮ ነው ቁጥር የሚሰጠው።

ሌላም አለ። ትንኝ ላይ ጉልላት ይዤ ልቀርብ? ገና እጄን ስዘረጋ ትበራለች።

ተራራ_ወጪ

ቅርብ_ዓይን ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። መስታወት ባለው ካሜራ በትራይፖድ ስትሠሩ ዓይናችሁን ከፋይንደሩ ስታነሱ በኋላ በኩል ብርሃን ይገባል። ብዙዎቹ ኤስኤልአሮች ውስጥ ሜትሩ ያለው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ያንንም ይቆጥረዋል፣ ፎቶውም ይጨልማል። በጨለማ ፊልተር ሲሆን በጣም ይብሳል። ፋይንደሩን ሸፍኑት። አንዳንድ ካሜራ ለዚሁ የሚሆን ትንሽ መዝጊያ አለው። ሚረርለስ ላይ ይህ ችግር የለም።

እኔ ደግሞ የምሠራው ተራራና ሸለቆ ነው። ጉልላቷ ለኔ ብዙ አትረዳኝም። እኔ በደመና ጥላ ሥር ቆሜ ወዲያ ማዶ ያለው ገደል ፀሐይ ሲመታው፣ እዚህ እኔ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ብለካ ምን ይጠቅመኛል? ሄጄ አልደርስበት። እኔ የምጠቀመው 1 ዲግሪ ብቻ የሚያይ የእጅ ስፖት ሜትር ነው። ጥላው ውስጥ ያለውን ድንጋይ እለካለሁ፣ ደመናውን እለካለሁ፣ በመሃላቸው ስንት ስቶፕ እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ ነው የምወስነው።

አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1940 አካባቢ ዞን ሲስተም ብለው ያስተካከሉት ይሄንኑ ነው። ሜትሩ የሰጠሽ ቁጥር ዞን 5 ነው፣ መሃለኛው ግራጫ። ዝርዝሩ እንዲታይ የምትፈልጊውን ጥላ ዞን 3 ላይ ለማስቀመጥ ከዚያ ቁጥር 2 ስቶፕ ትቀንሻለሽ። እንግዲህ ሜትሩ «ሁሉም ግራጫ ነው» ማለቱን እንደ ስህተት አትዪው። አስተማማኝ መነሻ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ስቱዲዮ_ነጭ_ግድግዳ

ወደ ፍላሹ እንምጣ፣ ጥያቄዋ ላይ ነበር።

በማኑዋል ፍላሽ የካሜራው ሜትር ከጨዋታ ውጭ ነው። የሚያየው የክፍሉን አምፖል ነው። ቲቲኤል (በሌንሱ በኩል መለካት) ያለው ፍላሽ ቀድሞ ትንሽ ብልጭ ብሎ ይለካል፤ አንቺ ያለሽ ግን እሱ አይደለም። የእጅ ሜትር ፍላሽ ሞድ ላይ ይደረግና ይጠብቃል፣ ፍላሹ ሲበርቅ ይይዘዋል።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። አይኤስኦ 100፣ ሸተር 1/125። መጀመሪያ ዋናውን ፍላሽ ብቻ አበራለሁ። ሜትሩን አገጭ ሥር አድርጌ ጉልላቷን ወደ ውስጥ አስገባታለሁ፤ ከአንድ ወገን የሚመጣውን ብቻ እንድትለካ። ወደ ፍላሹ አዞርና አስበርቃለሁ። ኤፍ 8 እስኪል ኃይሉን አስተካክላለሁ። ከዚያ እሱን አጥፍቼ ጥላ የሚያለሰልሰውን ሁለተኛውን አበራለሁ። ለሱም ያንኑ አደርጋለሁ። ኤፍ 4 ካለኝ በሁለቱ መሃል 2 ስቶፕ አለ፤ ጥላው ይታያል ግን አይጠቁርም። ለስለስ እንዲል ከፈለግኩ ሁለተኛውን ወደ ኤፍ 5.6 አወጣዋለሁ። በመጨረሻ ሁለቱንም አብርቼ ጉልላቷን አውጥቼ ወደ ካሜራው አዞራለሁ። አፐርቸሬ ያ ነው።

ከሰውየው ኋላ ነጭ ጀርባ (ግድግዳ ወይም ጨርቅ) ካለሽ እሱንም ለብቻው ለኪ። ከሰውየው ከ1 ስቶፕ ብዙም እንዳይበልጥ አድርጊው። ከዚያ ካለፈ ብርሃኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የጸጉሩን ጠርዝ ይበላዋል፣ ሌንሱም ውስጥ ይረጫል። ጀርባው አንዱ ጥግ ላይ ኤፍ 11፣ ሌላው ጥግ ላይ ኤፍ 8 እንደሆነ በስክሪን አይታወቅም፤ ሜትሩ ግን እየዞርሽ ስትለኪ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል።

ሂስቶግራም

ይሄንንም በሙከራ ፎቶ እሠራዋለሁ። አንድ አነሳለሁ፣ አያለሁ፣ ፍላሹን እቀንሳለሁ።

ስቱዲዮ_ነጭ_ግድግዳ

በአንድ ፍላሽ እስማማለሁ። ሦስት ሲሆኑ ግን ስክሪኑ የሚያሳይህ የሦስቱን ድምር ነው። የቱ እንደበዛ በዓይንህ ትገምታለህ። ስክሪኑ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ ደምቆ፣ ፀሐይ ላይ ደብዝዞ ይታያል። ሂስቶግራሙም በብዙ ካሜራ ላይ የሚሠራው ከራው ፋይሉ (ሴንሰሩ ከያዘው ጥሬ መረጃ) ሳይሆን ካሜራው አቀነባብሮ ከሚሠራው ጄፔግ ነው። የቀለም ስታይሉን ስትቀይር ሂስቶግራሙም ይቀየራል። ነጩ ተቃጠለ ሲልህ ራው ውስጥ ገና ቦታ ሊኖር ይችላል።

ዋናው ግን መድገም ነው። ደንበኛው ከወር በኋላ «ያንኑ ብርሃን» ሲልህ፣ ዋናው 8፣ ማለስለሻው 4 ብለህ ከጻፍክ በደቂቃ ታቆመዋለህ።

ካሜራ_በትከሻ

ቪዲዮ ላይም እንዲሁ ነው። አንድ ውይይት ጠዋት ጀምረን ከሰዓት ስንጨርሰው፣ የተዋናዩ ፊት በሁለቱ ሾት ላይ እኩል መሆን አለበት። ካሜራው በአውቶ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ነጭ መኪና አጠገብ ባለፈ ቁጥር ፊቱ ይጨልም ነበር። ፊቱ ጋ ቆመን እንለካለን፣ ቁጥሩን እንይዛለን፣ መብራቱን ወደ ቁጥሩ እናመጣለን። ካሜራው ገና ሳይመጣ መብራት ማቆም መቻላችንም ትልቅ ነገር ነው።

ጀማሪ_ሌንስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ፍላሹ ገባኝ። የፊልሙ ነገር ግን ቀረኝ። ዲጂታሉን እንደ ሜትር ይዤ ቁጥሩን መገልበጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም? ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

አሮጌ_ኔጋቲቭ

ይቻላል። ብዙ ሰው ይሠራበታል። ግን እንደ ፊልሙ ዓይነት አሠራሩ ይለያል።

ዲጂታል የሚፈራው ነጩን ነው። አንዴ ከተቃጠለ ውስጡ ምንም የለም። ስለዚህ ዲጂታልሽን ለሱ በሚመች መንገድ ካስተካከልሽው ነጩን ለማዳን ትንሽ አጨልመሽ ነው የምታነሺው። ኔጋቲቭ ፊልም ደግሞ ተቃራኒ ነው። የሚፈራው ጥላውን ነው። ብርሃን ያልደረሰበት ኔጋቲቭ ባዶ ነው፤ ብታጥቢውም ብታትሚውም ምንም አይወጣም። ባለቀለም ኔጋቲቭ አንድ ሁለት ስቶፕ ቢበዛበት ግን ችሎ ያልፈዋል። ስለዚህ በዲጂታሉ ስክሪን ቆንጆ የሆነውን ቁጥር እንዳለ ብትገለብጪ ኔጋቲቭሽ ቀጭን ሊሆን ይችላል። የሰው ፎቶ ከሆነ ጥላ ባለው ጉንጭ በኩል ለኪ፤ የምትጠራጠሪ ከሆነ መብዛቱ ይሻላል።

ስላይድ ፊልም (ኔጋቲቭ ሳይሆን ትክክለኛውን ምስል በቀጥታ የሚያወጣ) ካስገባሽ ግን ይህን ሁሉ እርሺው። ስላይድ ግማሽ ስቶፕ እንኳ ያስታውቅበታል። እንደ ዲጂታል ነጩን ነው የሚፈራው። እዚያ ላይ የጉልላቷን ቁጥር አምናለሁ።

ሌላ የምትጠነቀቂው፣ የዲጂታሉ ሌንስ ዙም ከሆነ ሰፋ አድርገሽ ለክተሽ በፊልሙ ጠባብ ሌንስ እንዳታነሺ። ሁለቱ የሚያዩት ፍሬም ካልተመሳሰለ ሜትሩ የለካልሽ ሌላ ፎቶ ነው።

ተራራ_ወጪ

ለፊልም አንድ ነገር ልጨምር። ሸተሩ ከ1 ሰከንድ ሲያልፍ የትኛውም ሜትር ብቻውን አይበቃሽም። ፊልም ብርሃኑ ሲደክም የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል። ሜትሩ 10 ሰከንድ ቢልሽ ፊልሙ ብዙ ተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል። መጠኑ እንደየፊልሙ ይለያያል፤ አምራቹ የሚያወጣውን ሠንጠረዥ ያዢ።

ሰንበሌጥ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የስልክ አፕስ አይሠራም? እኔ በሱ ነው ፊልም የማነሳው፤ እስካሁን ደህና ነው።

አሮጌ_ኔጋቲቭ

ለኔጋቲቭ ይሠራል። አፑ የሚጠቀመው የስልኩን ካሜራ ነው፣ ስለዚህ እሱም ተመልሶ የመጣውን ብርሃን ነው የሚያየው። ነጭና ጥቁር ላይ እንደ ካሜራ ሜትር ይሳሳታል። የመዳፍሽን ቆዳ ወይም ግራጫ ካርድ በዚያው ብርሃን አድርገሽ ብትለኪ ይሻላል። የመዳፍሽን ልዩነት አስቀድመሽ ከግራጫው ካርድ ጋር አነጻጽረሽ እወቂው። በፈካ መዳፍ ላይ 1 ስቶፕ ገደማ መጨመር የተለመደ ነው። የስቱዲዮ ፍላሽ ግን በስልክ አትለኪም።

የጠራ ፀሐይ ላይ ከሆንሽ ደግሞ ሜትርም አያሻሽም። ኤፍ 16፣ ሸተሩ የፊልሙን አይኤስኦ የሚጠጋ። አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ወይም 1/125። ሜትርሽ ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ከሰጠሽ ሜትሩን ጠርጥሪው።

ጀማሪ_ሌንስ

ያገለገለ የእጅ ሜትር ማየት ጀምሬያለሁ። የድሮ ሴሌኒየም ያለው፣ በመርፌ የሚሠራ ቆንጆ ሜትር አለ። ይሻላል ወይስ ዲጂታሉ?

አሮጌ_ኔጋቲቭ

ሴሌኒየም ባትሪ አይፈልግም፣ ያ ደስ ይላል። ግን ደብዘዝ ባለ ብርሃን አያይም፣ ፍላሽም አይለካም። ሴሉም በዕድሜና በእርጥበት ይደክማል። ልትገዢ ስትይ ፀሐይ ላይ ከምታምኚው ካሜራ ጋር አነጻጽሪው፤ ከዚያ ደግሞ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ላይ ልክ ሆኖ ጥላ ውስጥ የሚዋሽ ብዙ አለ። በሁሉም ቦታ እኩል 1 ስቶፕ የሚያሳንስ ከሆነ ችግር የለም፤ አይኤስኦውን ቀይረሽ ታርሚዋለሽ። ልዩነቱ እየተለዋወጠ ከሆነ ግን ተይው።

ከሴሌኒየም ቀጥሎ የመጡት ሲዲኤስ የሚባሉት፣ እንደ ጎሰን ሉናሲክስ ያሉት፣ ለጨለማ ጎበዝ ናቸው። ግን 1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር የሚፈልጉት፤ እሱ ዛሬ አይመረትም። 1.5 ቮልት ተራ ባትሪ ብትከቺበት ቁጥሩ ይዛነፋል። ብዙ ሰው የመስሚያ መሣሪያ ዚንክ ኤር ባትሪ ያስገባል፤ ቮልቱ ይቀራረባል።

ስቱዲዮ_ነጭ_ግድግዳ

እሷ ፍላሽ ስላላት ፍላሽ የሚለካ ዲጂታል ነው የሚያስፈልጋት። የሴኮኒክ ኤል-308 ዓይነት ትንሿ ትበቃለች። ስፖት ያለው ትልቁን ገና አትፈልጊውም።

ስትገዢ ከካሜራሽ ጋር ሲሦ ስቶፕ ቢለያዩ አትደንግጪ። አምራቾች ሜትሩን የሚያስተካክሉበት የካሊብሬሽን ቁጥር አንድ አይደለም። ካኖን፣ ኒኮንና ሴኮኒክ 12.5 ሲሆን፣ ፔንታክስና ሚኖልታ 14 ነው። ፊትን በጉልላት ለክተሽ አንሺ፣ ውጤቱን እዪ፣ ሁልጊዜ ትንሽ የሚጨልም ከሆነ ሜትሩ ላይ ማረሚያ አስገቢ። አንዴ ነው የምታደርጊው።

ሂስቶግራም

እሺ፣ ፍላሽና ፊልም ላላት ሰው ትግዛ፤ በዚህ ተሸንፌያለሁ። ግን እዚህ የሚያነብ ሰው ሁሉ ሮጦ እንዳይገዛ። በቀን ብርሃን፣ በዲጂታል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ለሚያነሳ ሰው የካሜራውን ሜትር ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል። በየትኛው ሞድ መቼ እንደሚሳሳት የሚያውቅ ሰው ሌላ ዕቃ አይፈልግም።

ቅርብ_ዓይን

በዚህ ላይ ፊርማዬን አኖራለሁ።

ጀማሪ_ሌንስ

ወሰንኩ። ፍላሽ የምትለካዋን ትንሿን እይዛለሁ፤ ለስቱዲዮውና ለፊልሙ። የሩጫ ሥራ ላይ በካሜራው እቀጥላለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሰውየው ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ቆሞ ፊቱ ጥላ ውስጥ ሲሆን ጉልላቷን ወዴት ላዙር? ወደ ካሜራው ወይስ ወደ ፀሐዩ?

ስቱዲዮ_ነጭ_ግድግዳ

ወደ ካሜራው። ፊቱ አጠገብ ያዣት፣ ከኋላ ያለው ፀሐይ ጉልላቷን እንዳይነካት በእጅሽ ወይም በሰውየው ራስ ከልያት። ያኔ የምታገኚው የፊቱን ብርሃን ነው። ፊቱ በትክክል ይወጣል፣ ጀርባው ግን ይነጣል። ምን ያህል እንደሚነጣ ለማወቅ ጉልላቷን አንዴ ወደ ፀሐዩ አዙረሽ ለኪ። ልዩነቱ 2 ስቶፕ ከሆነ ጀርባው አየር ያለው ሆኖ ይወጣል። 4 ከሆነ ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆናል። ያን ካልፈለግሽ አንዱን ፍላሽሽን አውጪና ፊቱን በ1 ወይም በ2 ስቶፕ አንሺው። ሸተርሽ ካሜራው ከፍላሽ ጋር ከሚቀበለው፣ ማለትም 1/200 ወይም 1/250 አካባቢ ካለው እንዳይበልጥ። የፊልም ካሜራሽ ሸተር ሌንሱ ውስጥ ያለው ዓይነት ከሆነ ግን በየትኛውም ፍጥነት ፍላሹን ይቀበላል። መጀመሪያ እሱን አረጋግጪ።